የ«ዘ ሶፕራኖስ» «ፓይን ባረንስ» ክፍል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይገልጣሉ፤ ክፍሉን ገና ያላየ ቀድሞ ይየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ፓይን ባረንስ» የሚባለው የትኛው ክፍል ነው?

የማፊያ ድራማው የ«ዘ ሶፕራኖስ» ሲዝን 3፣ ክፍል 11 ነው፤ ከመጀመሪያው ሲቆጠር 37ኛው። በአሜሪካው ኤችቢኦ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሜይ 6 ቀን 2001 ሲሆን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼስ ነው፤ ከ1999 እስከ 2007 ድረስ በ6 ሲዝን 86 ክፍሎች ተላልፈዋል።

የዚህን ክፍል ስክሪፕት የጻፈው ተረንስ ዊንተር ነው። ታሪኩን ያወጡት ዊንተርና ቲም ቫን ፓተን በጋራ ሲሆኑ፣ ዳይሬክት ያደረገው ተዋናዩ ስቲቭ ቡሴሚ ነው። ቡሴሚ ለዚህ ድራማ ዳይሬክተር ሆኖ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። በሲዝን 5 የቶኒ ዘመድ የሆነውን ቶኒ ብለንዴቶን ሆኖ የሚተውነውም እሱ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ከማፊያው ሰዎች አንዱን ሲልቪዮ ዳንቴን ጉንፋን ጥሎታል። ቫለሪ ከሚባል ሩሲያዊ 5 ሺህ ዶላር መቀበል ስለነበረበት፣ አለቃው ቶኒ ሶፕራኖ በሲልቪዮ ፈንታ ፖሊ ጓልቲየሪንና ክሪስቶፈር ሞልቲሳንቲን ይልካቸዋል። ፖሊ እዚያ ቤት ውስጥ ያለምንም ምክንያት ነገር ይፈልጋል፤ ጠብ ይነሳል፤ በመጨረሻ ሰውየውን አንቀው የገደሉት ይመስላቸዋል። በምንጣፍ ጠቅልለው መኪናቸው ኋላ ይጭኑትና ደቡብ ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው የፓይን ባረንስ ጫካ ይወስዱታል።

እዚያ ሲደርሱ ሰውየው አልሞተም። አካፋ አስይዘው መቃብሩን እንዲቆፍር ያዙታል። በአካፋው መትቷቸው በበረዶው ላይ ይሮጣል፤ ይተኩሱበታል፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ይወድቃል፤ እንደገና ተነስቶ ከዓይናቸው ይሰወራል። ሊገድሉት የመጡት ሁለቱ መንገድ ጠፍቷቸው፣ ሌሊቱን ጫካ ውስጥ በተጣለ አሮጌ ቫን ውስጥ ተኮራምተው ያድራሉ።

ከዚህ በፊት ያሉትን ክፍሎች ሳላይ ብጀምረው ይገባኛል?

የጫካው ታሪክ ለብቻውም ይገባል። ድራማውን ጨርሶ አይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ያለችግር ይከተሉታል። ነገር ግን በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ቂም ከየት እንደመጣ ካላወቁ ግማሹ ጣዕም ያመልጣል። ጊዜ ያጠረው ቢያንስ ከሲዝን 3 ሁለት ክፍሎችን ይይ፦ ክሪስቶፈር ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሙሉ አባል የሚሆንበትን ክፍል 3ን፣ እንዲሁም ፖሊ «ድምፅ መቅጃ ደብቀህ ይሆናል» ብሎ የክሪስቶፈርን ልብስ የሚያስወልቅበትን ክፍል 7ን። የቶኒ ውሽማ ግሎሪያ ከእሱ ጋር የምትተዋወቀው በክፍል 8 ነው፤ እሱም ቢጨመር ጥሩ ነው።

ስድቡ፣ ደሙና የመኝታ ቤት ጉዳዩ ብዙ ስለሆነ ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም።

ፖሊና ክሪስቶፈር በማፊያው ውስጥ ማዕረጋቸው ምንድን ነው?

በድራማው ያለው ቡድን የሰሜን ኒው ጀርሲው የዲሜዮ ቤተሰብ ነው፤ ልብ ወለድ ነው። አወቃቀሩ ግን የእውነተኛዎቹን ይከተላል፦ አለቃ፣ ምክትል፣ አማካሪ፣ ከእነሱ ሥር ካፖዎች (የየቡድኑ መሪዎች)፣ ከካፖዎቹ ሥር ወታደሮች። ፖሊ ካፖ ነው። ክሪስቶፈር በእሱ ሥር ያለ አዲስ ወታደር ነው። ወታደር ካገኘው ለካፖው ያካፍላል፤ ካፖውም ካገኘው ወደ ላይ ይልካል። ቃለ መሐላ የፈጸመን አባል ያለ አለቃው ፈቃድ መግደል ቀርቶ እጅ ማንሳት እንኳ ያስጠይቃል። ጫካ ውስጥ ክሪስቶፈር ሽጉጥ አውጥቶ ፖሊ ላይ ሲደግን የሚጥሰው ይህን ሕግ ነው።

በእውነተኛው ዓለም ኒው ጀርሲ ውስጥ የዴካቫልካንቴ ቤተሰብ የሚባል ቡድን አለ። ድራማው በተጀመረበት በ1999 ኤፍቢአይ በድብቅ በቀዳው ንግግር የዚህ ቡድን ሰዎች ስለ «ዘ ሶፕራኖስ» እያወሩ፣ ስለ እኛ ይሆን እንዴ ሲባባሉ ተሰምተዋል።

ጠቡ በምን ተነሳ? ለምንስ ያን ያህል ተበላሸ?

በቴሌቪዥን ሪሞት ነው የተነሳው። ቫለሪ ሁሉንም ዕቃ በአንድ የሚያዝዝ ዘመናዊ ሪሞት አለው። ፖሊ አንስቶ ይነካካዋል፤ ቫለሪ ወደ ቦታው እንዲመልስለት ይጠይቀዋል፤ ፖሊ ግን ይሰብርበታል። ሰውየው ይሳደባል፤ ይያያዛሉ፤ ፖሊ በረጅም የቁም መብራት ብረት ጉሮሮውን ይጫነዋል። ክፍሉ ሲጀምር ፖሊን የምናየው ማኒኪዩር ሲሠራ ነው። ጥፍሩን እየተሠራ ሳለ ሥራ ታዝዞ ተነስቷል፤ ስለዚህ ገና ከመድረሱ ተቆጥቷል።

ከዚያ በኋላ ስህተት ስህተትን እየሳበ ይሄዳል። በእርግጥ መሞቱን አላጣሩም፤ ሰውየው ከመኪናው ኋላ አፉ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አኝኮ ቆርጦታል። ሬሳውን ለመጣል የመረጡት ሁለቱም የማያውቁትን ቦታ ነው። የለበሱት የከተማ ልብስና ቀጭን ጫማ ነው፤ የሚበላም ሆነ የሚጠጣ አልያዙም። ሬሳ ሳይሆን ሰው መያዛቸውን ሲያውቁ፣ ከራሳቸው ድካም ለማትረፍ ሲሉ የጦር ልምድ ላለው ሰው የብረት አካፋ አስያዙት። ሲያመልጥ ደግሞ የመኪናቸውን አቅጣጫ ምልክት ሳያደርጉ ተከትለውት ሮጡ። ፖሊ በሩጫው አንድ ጫማው በረዶ ውስጥ ይቀራል፤ ኋላ ከቫኑ ወለል ምንጣፍ ቀዶ እግሩ ላይ ያስራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ውሸቱ ነው። ፖሊ ጠቡን ማን እንደጀመረው ለቶኒ በትክክል አይነግረውም። ቶኒ እውነቱን ከመጀመሪያው ቢያውቅ ኖሮ የቫለሪን ወዳጅ በሌላ መንገድ ሊያነጋግረው ይችል ነበር። ሁለት ሌሊት የማይሞላው ታሪክ የድራማውን አንድ ትልቅ ሐቅ ያሳያል፤ እነዚህን ሰዎች የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ወይም ጠላት ሳይሆን ኩራታቸው ነው።

«የቤት ውስጥ ዲዛይነር ነው» የሚለው ንግግር ለምን ያስቃል?

ቶኒ ስለ ቫለሪ የሰማውን ለፖሊ በሞባይል ይነግረዋል፦ ሰውየው በሩሲያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የነበረ ኮማንዶ ነው፤ ብቻውን 16 የቼቼን አማፂያን ገድሏል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ፖሊ ወደ ክሪስቶፈር ዞሮ ሰውየው 16 ቼኮዝሎቫኪያውያን እንደገደለና የቤት ውስጥ ዲዛይነር እንደነበረ ይነግረዋል። በእንግሊዝኛው የሚኒስቴሩ ስምና የሙያው ስም በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚጀምሩ ነው የተምታታበት። ክሪስቶፈር ግራ ይጋባል፤ የሰውየው ቤት እኮ የሚያምር አልነበረም።

ተዋናዮቹ የሚናገሩት በሙሉ ቁም ነገር ነው፤ አንዳቸውም ፈገግ አይሉም። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ንግግሩ ለታሪኩም ይጠቅማል፦ ከማን ጋር እንደተፋጠጡ ማወቅ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት የደረሳቸው መረጃ የተሳሳተ ነው። መረጃው ራሱ ደግሞ ከእውነታ የራቀ አይደለም፤ ከ1994 እስከ 1996 በተካሄደው የመጀመሪያው የቼቼን ጦርነት የሩሲያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ወታደሮች በእርግጥ ተዋግተዋል።

ጣሊያኖቹ ከሩሲያውያን ጋር ምን አገናኛቸው?

ገንዘብ ማጠብ ነው። የቫለሪ ወዳጅ ስላቫ የቶኒን ጥሬ ገንዘብ እየተቀበለ ንጹሕ አስመስሎ የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ ቫለሪን ደግሞ ሕይወቱን ያተረፈለት ወንድሙ አድርጎ ነው የሚያየው። የቶኒ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። የቫለሪ ሞት ከታወቀ የሚጣላው ከአንድ ሰካራም ጋር ሳይሆን የገንዘቡን መንገድ ከያዘው ሰው ጋር ነው።

ጸሐፊዎቹ ይህን ግንኙነት ከባዶ አልፈጠሩትም። በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በብራይተን ቢች አካባቢ የተደራጁ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ወንጀለኞች ከጣሊያን ቤተሰቦች ጋር ሆነው የነዳጅ ግብር ያጭበረብሩ ነበር። ነዳጁን በወረቀት ላይ ብቻ ባሉ ኩባንያዎች እያሻገሩ፣ ግብሩን ከገዢው ሰብስበው ለመንግሥት ሳይከፍሉ ኩባንያውን ያጠፉታል። ጣሊያኖቹ ጥበቃ እየሰጡ ከየጋሎኑ ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር።

ቀረጻው በእርግጥ በፓይን ባረንስ ነው የተካሄደው?

አይደለም። መጀመሪያ የታሰበው በኒው ጀርሲ ኤሴክስ ካውንቲ በሚገኘው ሳውዝ ማውንቴን ሪዘርቬሽን ነበር። የካውንቲው አስተዳዳሪ ድራማው ጣሊያን አሜሪካውያንን ያዋርዳል በማለት ፈቃድ ከለከለ። (ይኸው ባለሥልጣን በ2003 በፌዴራል የሙስና ምርመራ ጥፋተኝነቱን አምኖ ታስሯል።) ስለዚህ ቡድኑ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ወደሚገኘው ሃሪማን ስቴት ፓርክ ሄደ።

ቦታውን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። እውነተኛው ፓይን ባረንስ ሜዳ ነው፤ አፈሩ አሸዋማና አሲዳማ ሲሆን የሚበዛበት ዛፍ አጠር ያለ፣ የተጣመመ ጥድ ነው። በድራማው የሚታየው ግን ዳገት ቁልቁለት፣ ትልልቅ ቋጥኝና በክረምት ቅጠሉን ያራገፈ ረጃጅም ዛፍ ነው። ያም ሆኖ ምርጫው ታሪኩን አልጎዳውም። በተራቆቱት ዛፎች መካከል ሰውየው የሚደበቅበት ቦታ ያለ አይመስልም፤ ተሰውሮ መቅረቱ የበለጠ የሚያስደነግጠውም ለዚህ ነው።

ለሬሳ መጣያነት ፓይን ባረንስ ለምን ተመረጠ?

ስፋቱ ነው ምክንያቱ። ኮንግረስ በ1978 የከለለው የፓይንላንድስ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ 1.1 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ይሸፍናል፤ 4 ሺህ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ሕዝብ በተጨናነቀባት ኒው ጀርሲ ውስጥ ከግዛቱ መሬት አንድ አምስተኛ የሚሆነው ሰው የማይበዛበት ጫካ ነው። በአካባቢው ወሬ ማፊያ ሬሳ የሚጥልበት ቦታ ተብሎ ስሙ ይነሳል፤ ጀርሲ ዴቭል የሚባል ክንፍ ያለው ፍጡር ይኖርበታል የሚል የቆየ አፈ ታሪክም አለው። የኒው ጀርሲ ተመልካች የቦታውን ስም ሲሰማ ገና ከመጀመሪያው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

በረዶው የታቀደ ነበር?

አልነበረም። ስክሪፕቱ ሲጻፍ በረዶ አልነበረበትም። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ከባድ በረዶ ጣለ፤ እነሱም በዚያው ሠሩ። ለዝግጅት ክፍሉ ራስ ምታት ነበር፤ በረዶ ላይ የተረገጠ አሻራ አይጠፋምና እያንዳንዱ ትዕይንት ሲደገም ያልተነካ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ለተመልካቹ ግን ያለ በረዶ ይህን ክፍል ማሰብ ይከብዳል። ብርዱን እውነተኛ አድርጎታል፤ ከዚያም በላይ ምሥጢሩን አጥብቆታል። በደረቅ መሬት ላይ ሰው ቢጠፋ አይገርምም። በበረዶ ላይ ግን ደሙም አሻራውም ይታያል፤ ሁለቱ ደሙን ተከትለው ሄደው ሄደው በድንገት ዱካው ይቆማል። ያ ትዕይንት በደረቅ ቅጠል ላይ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ኃይሉን ያጣ ነበር።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከሕልም። ቲም ቫን ፓተን ፖሊና ክሪስቶፈር ሰው ሊገድሉ ሄደው ጫካ ውስጥ ሲጠፉ አልሞ ለተረንስ ዊንተር ነገረው። ዊንተር ለዴቪድ ቼስ እንዲያቀርበው ቢገፋፋውም ቫን ፓተን አፍሮ ተወው። በሚቀጥለው ሲዝን ላይ ዊንተር ራሱ ሐሳቡን አንስቶ ለቼስ አቀረበው፤ ቼስም ወዲያው ተቀበለው። የታሪክ አመንጪነቱ ለሁለቱም የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የፖሊ ጸጉር መበላሸቱና የቶኒ ሳቅ እውነት ናቸው?

ፖሊን የሚተውነው ቶኒ ሲሪኮ በጸጉሩ ቀልድ አያውቅም ነበር። ራሱ ነበር የሚያበጃጀው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። ለዚህ ክፍል ጸጉሩ ተንጨባርሮ መታየት ስላለበት ቡሴሚ ብዙ ለምኖታል። በመጨረሻ ሲሪኮ በገዛ እጁ በተነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጸጉሩ ሲበተን ሰውየው አሥር ዓመት ያረጀ ይመስላል። ማኒኪዩር ላይ የጀመረው ሰው የት እንደደረሰ ያለ አንድ ቃል የሚነግረን እሱ ነው።

የቶኒ ሳቅም እውነት ነው። ከቶኒ ሰዎች አንዱ የሆነው ቦቢ ባካሊየሪ የጠፉትን ሁለቱን ለመፈለግ ሙሉ የአደን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ቶኒ በሳቅ ይፈርሳል። ቦቢን የሚተውነው ስቲቭ ሺሪፓ፣ ቶኒን የሚተውነውን ጄምስ ጋንዶልፊኒን በትክክል ለማሳቅ፣ ካሜራው በማያሳየው በኩል ነውረኛ መጫወቻ ታጥቆ ነበር የወጣው። የሚያስቀው ቦቢ ግን ከአራቱ ውስጥ ለጫካ ተዘጋጅቶ የሄደ ብቸኛው ሰው ነው።

ግሎሪያና ሜዶው በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ብዙዎች የጫካውን ብቻ ለማየት እነዚህን ትዕይንቶች እየዘለሉ ያልፋሉ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ታሪኮች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ሊለቁት የሚገባን ነገር አለመልቀቅ። የመርሴዲስ ሻጯ ግሎሪያ ትሪሎ ለቶኒ እራት ሠርታ ትጠብቀዋለች፤ እሱ በጣም አርፍዶ ይመጣል፤ መልሶ ሊወጣ ሲል የተጠበሰውን የበሬ ሥጋ ወርውራ ማጅራቱን ትለዋለች። የቶኒ ልጅ ሜዶው ታማለች፤ የወንድ ጓደኛዋ ጃኪ ጁኒየር ከእሷ ጋር ስክራብል የሚባለውን የቃላት ጨዋታ ሲጫወት ከሦስት ፊደል ያለፈ ቃል አይወጣለትም። ኋላም ከሌላ ሴት ጋር ትይዘዋለች።

ቁልፉ ያለው የቶኒ የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶክተር ሜልፊ ዘንድ ነው። ሜልፊ የግሎሪያን ጠባይ ትዘረዝራለች፦ የምታዝን፣ የማትረጋ፣ በምንም የማትደሰት። ከዚያ ሌላ ማንን ታስታውስሃለች ብላ ትጠይቀዋለች። ተመልካቹ መልሱን ያውቀዋል፤ በዚሁ ሲዝን ክፍል 2 የሞተችው እናቱ ሊቪያ ነች። ቶኒ ግን አያያይዘውም።

ክፍሉ ምን ተሸለመ?

የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ለዊንተርና ለቫን ፓተን የዓመቱን የድራማ ክፍል ሽልማት ሰጥቷቸዋል። በ2001 ኤሚ በሚባለው የቴሌቪዥን ሽልማት ለድርሰትም ለዳይሬክቲንግም ታጭቶ አላሸነፈም፤ የድርሰቱን የወሰደው የዚሁ ድራማ፣ የዚሁ ሲዝን ክፍል 4 ነው።

ቫለሪ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሊተርፍ ይችላል?

ይችላል። የራስ ቆዳ በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ጥይት አጥንቱን ሳይሰብር ቆዳውን ብቻ ቢሸረክተው እንኳ ደሙ ያስደነግጣል። ከሩቅ ያየ ሰው ጭንቅላቱ የተበሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ወድቆ መነሳቱም፣ ዱካው በደም መሞላቱም ከተፈጥሮ ውጪ አይደለም። ቁስሉ እየደረቀ ሲሄድ ደሙ ሊቆም ይችላል። የእግሩ አሻራ ለምን እንደጠፋ ግን ይህ አያብራራም።

ከጥይቱ ይልቅ የሚያሰጋው ብርዱ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መጀመሪያ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ መደናገር ይመጣል፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም ደግሞ ነገሩ ለሞት ይቀርባል። ቫለሪ ለብርድ የሚሆን ልብስ አልለበሰም። በሌላ በኩል ብርዱን እንደለመደው በኩራት ሲናገር ሰምተነዋል፤ በሕይወት እንደተረፈ የሚያምኑ ተመልካቾች የሚይዙት ክርክር እሱን ነው። በቫኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱም አደጋ ላይ ነበሩ። የተረፉት ቫኑ ከነፋስ ስለከለላቸው ነው፤ የተካፈሏቸው ትናንሽ የካቻፕ ፓኬቶች ለሙቀት የሚጨምሩት ነገር የለም።

ከዛፍ ላይ የሚታየው ቀረጻ የቫለሪ ዓይን ነው?

ሰውየው ከተሰወረ በኋላ ካሜራው ከላይ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ሆኖ ፖሊንና ክሪስቶፈርን ቁልቁል ያያቸዋል። ዱካው የቆመው ዛፍ ላይ ስለወጣ ነው የሚለው ግምት የመጣው ከዚያ ነው። ቀረጻውን መርምሩት፦ ማንም ሰው ካሜራው ፊት አይታይም፤ እጅ የለም፤ ትንፋሽ አይሰማም፤ ወደ ቫለሪ ፊት የሚመለስ ቀረጻም የለም። አንድን ዕይታ ለገጸ ባሕርይ መስጠት የፈለገ ዳይሬክተር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ያስቀምጣል።

ስለዚህ የቫለሪ ዕይታ ነው ለማለት ማስረጃ የለም። ሁለቱ ሰዎች በጫካው ስፋት ውስጥ ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ለማሳየት የገባ ነው ብሎ ማንበብ ይቀላል። ጥርጣሬውን ማጫሩም ጥሩ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ልክ እንደ ሁለቱ ከየዛፉ ጀርባ ሰው ይፈልጋል።

መኪናው የት ሄደ?

ቶኒና ቦቢ ሁለቱን አግኝተው መኪናው ወደቆመበት ሲመልሷቸው መኪናው የለም። ድራማው ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ቫለሪ ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው ሰርቆት ወይም አካባቢውን የሚቆጣጠር አካል አስነስቶት ሊሆንም ይችላል። ቫለሪ ተርፏል ለሚሉት ይህ ከዱካው የበለጠ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም በታሪኩ ውስጥ በዚያ ሌሊት በዚያ አካባቢ የምናውቀው ሌላ ሰው የለም። ግን ነጥብ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

በመጨረሻ ሩሲያዊው ምን ሆነ?

በድራማው ውስጥ መልስ የለም፤ ቫለሪ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ተመልሶ አይታይም። ዊንተር እንደተናገረው በኋላ አንድ ትዕይንት ታስቦ ነበር፦ ክሪስቶፈር ስላቫ ዘንድ ሲሄድ ቫለሪን ያገኘዋል፤ ጭንቅላቱ ተጎድቶ አእምሮው ደክሟል፤ ወለል እየጠረገ ነው። ቼስ አልፈለገውም። ቼስ ራሱ ሲጨቀጨቅ ኖሮ በአንድ መድረክ ላይ ቦይ ስካውቶች አግኝተውት፣ ስላቫ አሳክሞት ወደ ሩሲያ እንደላከው ተናግሯል። አሰልቺ ጥያቄን ለመገላገል የተሰጠ መልስ እንደሆነ ያስታውቃል፤ በስክሪን ላይ የለምና የታሪኩ አካል አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ቼስ መልሱን የነፈገው ተመልካችን ለማናደድ አይደለም። ሰውየው ቢመለስ ኖሮ ይህ ክፍል የበቀል ታሪክ መግቢያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የምናስታውሰውም ቫለሪን ይሆን ነበር። አሁን የምናስታውሰው ሁለት የታጠቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት ብርድና ረሃብ እርስ በርስ ሊገዳደሉ መድረሳቸውን ነው። የጠፋው ሰው አለመገኘቱ ታሪኩን እነሱ ላይ አቆየው፤ በእኛ እምነት ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

ቶኒ ጥፋቱ የፖሊ መሆኑን ካወቀ ለምን አልቀጣውም?

ምስክር የለውም። ማስረጃው የክሪስቶፈር ቃል ብቻ ነው፤ ክሪስቶፈር ደግሞ ካፖውን አሳልፎ ከሰጠ የራሱንም መደገን ማውጣት ይኖርበታል። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ነውር ስለያዘ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቶኒ በሁለቱ ፊት እውነቱ እንዳልተነገረው ይገባዋል፤ ፖሊ ግን ከቆዩ ሰዎቹ አንዱ ነው፤ ገንዘብም ያመጣል። በአንድ ጥርጣሬ ካፖን ማዋረድ ሌሎቹንም ያነቃቸዋል።

ቶኒ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ፍለጋው ይቀጥል ወይስ ወደ ቤት እንመለስ ብሎ ምርጫውን ለፖሊ ይሰጠዋል። ፖሊ መመለስን ይመርጣል። ቶኒም ሰውየው አንድ ቀን ብቅ ካለ ዕዳው የፖሊ እንደሚሆን ነግሮት ያልፋል። ከቅጣት ያነሰ ይመስላል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የስላቫ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ተጠያቂው ማን እንደሆነ አራቱም ያውቃሉ። በመካከላቸው ያለው ነገርም አልበረደም፦ በ2004 በተላለፈው የሲዝን 5 የመጀመሪያ ክፍል ፖሊና ክሪስቶፈር የጫካውን ታሪክ ለጓደኞቻቸው እያሳሳቁ ማውራት ይጀምሩና፣ ወሬው ሳያልቅ እንደገና ይጣላሉ።